ዘነበች ከጀልባ ስትወርድ

ዘነበች በሄደችበት ምሽት የነበርነው እነዚህ ነን። የልጇ ባል ዳዊት ከመኪናው ኋላ ቆሞ፣ ሻንጣዎቹን አንዴ በቁም አንዴ በጎን እያደረገ ያስገባል። ልጇ ሜሮን የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች የተሳፋሪውን በር ይዛ ቆማለች፤ የማታ ተረኛ ስለነበረች ኤርፖርት ድረስ መሄድ አልቻለችም። እዚያ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት አቶ ኃይሉ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ከበራቸው ወጥተዋል። እኔ ከመንገዱ ዳር፣ የፓርኪንግ ሒሳብ ከሚከፈልበት ምሰሶ አጠገብ ነበርኩ። ዘነበች ከሁላችን መሀል ቆማ የሎስ አንጀለሱን ፌርፋክስ መንገድ ወደ ላይና ወደ ታች ታያለች። አዲስ ነጭ ጫማ አድርጋለች።

ዘነበች አልሞተችም። ይህን ቀድሜ የምናገረው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በመርዶ ስለሚጀምር ነው። ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ሻንጣዋን ይዛ፣ ከዚህ አገር በስተምሥራቅ ባሕር ላይ ወዳለች ትንሽ ደሴት ለመኖር ሄደች። እዚያ ዘመድ የላትም። ወንዛችንን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ብዙ ሰው ምን ነክቷት ነው ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ንግግር ስለማልወድ «እሷን ጠይቋት» እያልኩ አልፌአለሁ። አሁን ግን ልጻፈው።

ከዘነበች ጋር የተዋወቅነው የመኪና ማቆሚያ ስትጠብቅ ነው። ከፌርፋክስ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ሰው ቁጭ ብሎ እግሩን የማይዘረጋበት ጠባብ የመስታወት ዳስ ነበራት። እዚያ ሆና ቲኬት ትሰጣለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች። ይህ ሥራዋ ነው። ዋናው ሥራዋ ግን ሰላምታ ነበር። በዚያ በር ሰላም ሳትለው የገባ መኪና የለም።

እንግሊዝኛዋ የራሷ ነው። «እንደምን አደሩ»ን እንዳለ ገልብጣ በእንግሊዝኛ «ሌሊቱን እንዴት አሳለፉት?» ትላቸው ነበር። አብዛኛው ሰው ግር ይለውና ቲኬቱን ነጥቆ ይገባል። ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የሚመጡ ጥቁር ባርኔጣ የሚያደርጉ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ግን ጥያቄውን ከልባቸው ተቀበሉት። መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ጉልበታቸው እንዴት እንዳሳደራቸው፣ ሚስታቸው እንዴት እንዳንኮራፋች ይነግሯታል። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። እሷ እጇን በመስኮቱ አውጥታ «ቆይ! ሰው እያወራ ነው!» ትላለች፣ በአማርኛ።

ከሁሉ የሚብሰው የምሽቱ ሰላምታ ነበር። «እንደምን አመሹ» ለማለት «ጉድ ናይት» ትላለች። እራት ሊበላ የመጣ ሰው ገና ከመግባቱ ጉድ ናይት ሲባል ምግብ ቤቱ የተዘጋ ይመስለዋል።

«አሁን እኮ ነው የመጣሁት» ይላታል።

«አውቃለሁ! ጉድ ናይት!»

ሜሮን ያኔ ተማሪ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳሱ አጠገብ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች፣ በሰማች ቁጥርም ትሸማቀቃለች።

«እማዬ፣ ጉድ ናይት ስትሄጂ ነው የሚባለው። ስትመጪ ጉድ ኢቭኒንግ ነው።»

«አሁን ምሽት አይደለም?»

«ነው።»

«ናይት ማታ አይደለም?»

«ነው፣ ግን እንደሱ አይባልም።»

«ታዲያ ጉድ እኮ ነው!» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ጥሩነሽ፣ እነዚህ ሰዎች ሰላምታቸው ሁሉ በጉድ ነው የሚጀምረው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ያለው ሰው ሎስ አንጀለስ ኖሮ መሆን አለበት።»

ሜሮን አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ አግብታም ማረሟን አልተወችም። ዘነበችም ጉድ ናይቷን አልተወችም።

በኋላ የሕንፃው ባለቤቶች ዳሱን አንስተው ማሽን ተከሉ። ማሽኑ ይናገራል። ካርድ አስገባ ይላል፣ ካርድ ውሰድ ይላል። አንድ ቀን ወደ ገበያ ስንሄድ ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው። «ትእዛዝ ብቻ ነው እንዴ ያስተማሩት?» አለችና ሄደች። ዕድሜዋም ደርሶ ነበርና ጡረታ ወጣች፤ ሜሮንና ዳዊት ባልድዊን ሂልስ ወዳለው ቤታቸው ወሰዷት።

ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። የእሷ ክፍል መስኮት ሰፊ ነው፤ ከተማው በሙሉ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄጄ መስኮቱን አደነቅኩላት።

«ከተማው ይታያል፤ ሰው አይታይም» አለች። «በእግሩ የሚሄድ ውሻ ያለው ብቻ ነው። እሱም ጆሮው ላይ ነገር ሰክቷል።»

ከዚያ እየቆየ ንግግሯ አጠረ። ስደውል «ደህና» እና «እሺ» ብቻ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እጄን ይዛ ትቆማለች፣ ግን አታወራም። አንድ ቀን ሜሮን ቤቴ ድረስ መጣች። እትዬ ትለኛለች፣ አንቱታውን ግን ከድሮም አታውቀውም።

«እትዬ ጥሩ፣ ሐኪሞቹ ጉሮሮዋን አዩላት፣ ራሷን አዩላት። ሶ፣ ምንም የለም አሉኝ። ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ቁጭ ብላ እያየኋት እያጣኋት ነው።»

ውሃ ሰጠኋት።

የባሕር ጉዞውን ሐሳብ ያመጣው ዳዊት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ካፒቴን ያለው የሸራ ጀልባ ለአንድ ሳምንት ተከራይተው በምሥራቁ ባሕር ያሉትን ደሴቶች ዞረው ነበር። አየሩ ሞቃት ነው፣ ዶክተርም ለውጥ ይጠቅማታል ብሏል፣ ደሴቶቹ የአሜሪካ ስለሆኑ ፓስፖርት አያስፈልግም አለ። ዘነበች «ጥሩነሽ ከሄደች» አለች፤ በዚያ ወር ከአፏ የሰማነው ረጅሙ ንግግር እሱ ይመስለኛል። እኔም ዋና ሳልችል ከሦስቱ ጋር ሄድኩ።

ጀልባው ሰፊ ነበር። ከስር ሁለት እግር ያለው ዓይነት ስለሆነ ብዙ አይናወጥም። ወጥ ቤትና መኝታ ክፍሎች አሉት። ካፒቴኑ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ወጣት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ የዕለቱን ፕሮግራም ይነግረናል። እዚህ እንወርዳለን፣ እዚህ መነጽር አድርጋችሁ ዓሣ ታያላችሁ፣ እዚህ ተራራ ትወጣላችሁ፣ እዚህ ቆንጆ ባር አለ። ሜሮን ሁሉንም ለእናቷ ትተረጉማለች። እናቷ ራሷን ትነቀንቃለች።

በመጀመሪያው ቀን ዔሊ የሚታይበት ባሕረ ሰላጤ ገባን። ሁሉም መነጽር አጠለቁ። ዳዊት እርጥብ ሆኖ ከውሃው ብቅ አለና፣ «እማማ፣ ከመሰላሉ ላይ ሆነው እንኳ ቢያዩዋቸው! በጣም ትልልቅ ናቸው!» አላት።

«ዔሊዎቹ ምን ይሉኛል?» አለችው።

በሁለተኛው ቀን የድሮ የስኳር ፋብሪካ ፍርስራሽ ለማየት ወረድን። ዘነበችን ከጀልባው ወደ ትንሿ የላስቲክ ጀልባ ማውረድ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ካፒቴኑ ከፊት፣ ዳዊት ከኋላ፣ እሷ መሀል ላይ ዓይኗን ጨፍና። ፍርስራሹ ዛፍ የወረሰው የድንጋይ ግንብ ነው። እዚያ ባሮች ሸንኮራ ይፈጩ እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ ቆሟል። ሜሮን አነበበችላት። ዘነበች ቀረብ ብላ ድንጋዩን በእጇ ነካች፣ ጎንበስ አለች፣ «እግዜር ያሳርፋችሁ» አለች። ካፒቴኑ የደከማት መስሎት ውሃ አመጣላት።

በሦስተኛው ቀን ዘነበች ዛሬ የምትኖርበትን መንደር አገኘን።

ለቱሪስት የሚሆን ነገር ብዙም የለበትም። የእንጨት ወደብ አለ፣ አንድ መንገድ አለ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀለማቸው የደበዘዘ ቤቶች አሉ። የወረድነው የሜሮን የፀሐይ ቅባት ስላለቀ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዋ ሱቅ ገባን። ከባንኮኒው ኋላ በእኛ ዕድሜ ያለች ጥቁር ሴት ተቀምጣለች። መስታወቱ ውስጥ ሳምቡሳ የመሰለ የተጠበሰ ነገር ተደርድሯል። ሜሮን እንደ ሎስ አንጀለስ ሰው በጥድፊያ፣ የፀሐይ ቅባት አለሽ ወይ አለቻት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ጉድ አፍተርኑን» አለች።

ሜሮን ያልሰማቻት መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችላት።

ሴትዮዋም ደገመች። «ጉድ አፍተርኑን።» አልተቆጣችም። ግን ፊቷ ላይ የተዘጋ በር ነበር።

ዘነበች ከኋላችን ነበረች። በትከሻዬ በኩል አልፋ ባንኮኒው ድረስ ሄደችና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ጉድ አፍተርኑን» አለች። ቀጥላም የድሮውን ገልብጣ በእንግሊዝኛ፣ «ቀኑን እንዴት አሳለፍሽው?»

ሴትዮዋ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ቀኑን?» አለች። «ቀኑንማ ቁጭ በይና ላውራሽ።» ወንበር ሳበችላት። ዕቃ የሚያመጣው መርከብ እንደዘገየ፣ መብራት ሄዶ ዘይቷ እንደቀዘቀዘባት፣ ጥርስ እያወጣ ያለው የእህቷ ልጅ ሕፃን እንዴት እንዳሳደራት ነገረቻት። ስሟ ሚስ አይሪስ ነው። የፀሐይ ቅባቱን ሰጥታን ስንወጣ ዘነበች ገና የሕፃኑን ድድ በምን እንደሚያሹት እየነገረቻት ነበር፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በጣቷ።

ካፒቴኑ ሲሰማ ሳቀ። በእነዚህ ደሴቶች ሰላምታ ሳያስቀድሙ መጠየቅ ነውር ነው አለ፣ ቱሪስቶች ይረሱታል እንጂ። ሜሮን ፊቷ ቀላ።

ማታ ዳዊት ከዚያው ሱቅ ሳምቡሳውን ገዝተን እንብላ አለ። መሸት ብሎ ነበር። ሱቁ ውስጥ አራት አምስት ሰው ተቀምጧል። ዘነበች በሩን ቀድማ ገባችና እንደ ልማዷ፣ እንደ ዳሷ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጉድ ናይት!» አለች።

«እማዬ!» አለች ሜሮን ከኋላዋ፣ ክንዷን ይዛ።

ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ መለሰ። «ጉድ ናይት!»

ሜሮን ክንዷን እንደያዘች ቀረች። «ሚስ አይሪስ፣ ይቅርታ» አለች በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ ለመሰናበት አይደለም፣ አሁን መምጣቷ ነው።»

ሚስ አይሪስ አልገባትም። «አዎ፣ መጣች። ታዲያ የመጣ ሰው በማታ ምን ይላል?»

ዘነበች ወደ ልጇ ዞረች። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር። «ሰማሽ?» ብቻ አለቻት። ከዚያ ሳቀች። ዓመት ሙሉ ያንን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር፤ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር። ሰዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ።

በሱቁ የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳምቡሳው በጨው የደረቀ ዓሣ እንዳለበት ነገራት። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ እስካሁን አላለቀም፤ ዘነበች ለዓሣ አጥማጁ ከሁለቱም ወገን አስረዳችው፣ ከዚያ ድንች ብቻ ያለበትን በላች። ጀልባው ላይ ተመልሰን የሚስ አይሪስን የዘር ሐረግ ስትዘረዝርልን አመሸች። ሜሮን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ታዳምጥ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ካፒቴኑ ፕሮግራሙን ጀመረ። ኮራል አለ፣ ዋሻ አለ።

«እኔን እዚያው አውርዱኝ» አለች ዘነበች።

«እማማ፣ ዋሻው እኮ በጀልባ የሚገባበት ነው» አለ ዳዊት።

«እናንተ ግቡበት። እኔ ሰው ጋ እወርዳለሁ።»

እንዲህም ሆነ። ነፋሱ በሚፈቅድበት ቀን ሁሉ ካፒቴኑ መንደሩ አጠገብ ያቆምና እኔንና እሷን ያወርደናል። ዓሣ አጥማጁ ወደቡ ላይ መረቡን እየጠገነ ይጠብቀናል። «ሌሊቱን እንዴት አሳለፍከው?» ትለዋለች። «ደህና አሳለፍኩት፤ አንቺስ?» ይላል፤ ጥያቄዋን ወዶ ለሌሎቹም ያስተማረው እሱ ነው። ሚስ አይሪስ ጉልበቷን ያማታል፤ እሷ ስታርፍ ዘነበች ከባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። መስኮቱ ጠባብ ነው፣ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱ ቆሞ ሰላም ይላል። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። ዳሷ መሆኑ ገባኝ።

ሎስ አንጀለስ ከተመለስን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስ አይሪስ ጋር በስልክ ታወራለች። በሌላው ቀን እንደገና ዝም ማለት ጀመረች። አንድ እሑድ ባልድዊን ሂልስ ወጥ ቤት ውስጥ እኔም እያለሁ ነገረቻቸው። ሚስ አይሪስ ከሱቁ በስተኋላ ክፍል አላት፤ እዚያ ልኑር አለች።

«ለዕረፍት ነው?» አለ ዳዊት።

«ለኑሮ ነው።»

ሜሮን ቢላዋውን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ማንም የሌለሽ ቦታ! ብትታመሚስ?»

«ሐኪም አላቸው። ያንቺን ያህል ባይሆንም።»

«ማዕበል አለ እማማ» አለ ዳዊት። «ትልልቅ ማዕበል።»

«እዚህስ መሬቱ አይንቀጠቀጥም?»

«ቤተ ክርስቲያንስ?» ያልኳት እኔ ነኝ።

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ጾሙን እዚያ ሆኜ እጾመዋለሁ፤ የሚያየኝ አንድ ነው።»

ሜሮን ማልቀስ ጀመረች። «እናቷን ጣለቻት ነው የምባለው። ሰው ምን ይላል?»

ዘነበች የልጇን እጅ ያዘች። «እሱ እኮ ነው የጨረሰኝ፣ ልጄ» አለች። «እዚህ ሰው ምንም አይልም።»

ሜሮን ያን ቀን እሺ አላለችም። ሳምንታት አለፉ። አንድ ማታ ከሥራ ስትወጣ ቤቴ መጣችና ሳትቀመጥ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ እትዬ ጥሩ?» አለችኝ። ጓደኛዬ ብትሄድ እኔም የማጣው ነገር አለ።

«ቅዳሜ ስልክ ስታወራ ሰምተሻታል?» አልኳት።

«በግድግዳው በኩል። ትስቃለች።»

«እንግዲያው» አልኩ።

«ለእኔ ግን አትስቅም» አለች። ከዚያ ተቀመጠች። ሻይ ጠጥታ ሄደች። ትኬቱን የቆረጠችው ራሷ ሜሮን ናት። ዳዊት አብሯት ሄዶ፣ ክፍሉን አይቶ፣ የበሩን መቆለፊያ ቀይሮ በሳምንቱ እንዲመለስ ተስማሙ።

ለመሄድ ፌርፋክስን የመረጠችው ዘነበች ናት። ኮረብታው ላይ ቢሸኟት ማን ያያታል? ቀኑን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስትሰናበት ዋለች። አቶ ኃይሉ ለመንገድ ብለው የጠቀለሉላትን ዳቦ በእጇ ይዛለች። ፀሐይ ገብታ የመንገዱ መብራት ገና መብራቱ ነበር።

«ዘነበች፣ አሁን የሚያርምሽ ስታጪ እንግሊዝኛሽ ይበላሻል» አሏት አቶ ኃይሉ።

«እዚያ አስተማሪ ሆኛለሁ፣ ምን ይላሉ?»

ዳዊት የመኪናውን ኋላ ዘጋ። «እማማ፣ ትራፊክ አለ። ኦኬ?» አለ። ዘነበች እኔን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «ጥሩነሽ፣ ክፍሉ ለሁለት ይበቃል» አለችኝ በጆሮዬ። «እናያለን» አልኳት።

ሜሮን በሩን ከፍታ ያዘችላት። አንገቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ሰዓቷ ደርሶ ነበር፤ ወደ ሥራ መሄድ አለባት። ለቀቀቻትና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ እንደ ልጅነቷ ትክክለኛውን ቃል በትክክለኛው ቦታ፣ «ጉድ ናይት፣ እማዬ» አለቻት።

ዘነበች አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አድርጋ ቆመች።

«እሱ ሲመጡ ነው» አለቻት። «ስትመጪ ትይኛለሽ።»

ገባች። ሜሮን በሩን ዘጋች። መኪናው ከዳር ወጥቶ በፌርፋክስ ወደ ደቡብ ሄደ።